ኔትወርክ ሲቆራረጥ መዝገብን ማስማማት፦ ጅማና አካባቢዋ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ፣ በጌራም በደዶም ገጠር፣ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ግን ቤት ለቤት እየዞረች ታብሌቷ ላይ ትመዘግባለች፤ መስመር ስታገኝ ሲንክ ታደርጋለች፤ ማለትም የመዘገበችውን ወደ ዋናው ቋት ልካ ታስማማለች። ሁለት ሰው በየፊናው አንዱን መዝገብ ቢነካካ የማን ይጸናል?

ጥያቄው ከስማርት ስልክ ይቀድማል። በአሜሪካው የምርምር ማዕከል በዜሮክስ ፓርክ የተሠራው ባዩ የተባለ የዳታ ማከማቻ ሲስተም፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ጊዜያዊ ጽሑፍን ከጸደቀው ለይቶ አሳየ። በ1996 የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጂም ግሬይና ባልደረቦቹ ከባዱን እውነት አወጡ፦ ሁሉም መሣሪያ እንደልቡ መጻፍ ከቻለ፣ የመሣሪያውና የሥራው ብዛት 10 እጥፍ ሲያድግ ግጭቱ 1,000 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። መፍትሔያቸው ድንቅ ነው። ስልኩ ትራንዛክሽኑን (የተሠራውን የመዝገብ ለውጥ) በጊዜያዊነት ይይዛል፤ መስመር ሲገኝ ዋናው ሰርቨር፣ ማለትም ማዕከላዊው ኮምፒውተር፣ እንደገና ያሠራዋል፤ ካልተቀበለው ምክንያቱን ለባለቤቱ ይመልሳል። በ2011 ደግሞ ያለ ዳኛ፣ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢደርሱ፣ የሚዋሃዱ የዳታ ዓይነቶች ሲአርዲቲ (CRDT) የሚል ስም አገኙ።

ነገሩን በጅማ ዞን በጎማ ወረዳ ቡና እንየው። አንድ ገበሬ 40 ኪሎ እሸት ቡና ተመዝግቦለታል እንበል። ልጁ በአንዱ ሚዛን 30፣ እሱ በሌላው 25 ኪሎ አስረከቡ። ታብሌቶቹ «ድምር 70» እና «ድምር 65» ብለው ከላኩ፣ ኋላ የደረሰው የፊተኛውን ያጠፋል። «30 ጨምር»፣ «25 ጨምር» ካሉ ግን የትኛውም ቢቀድም ውጤቱ 95 ነው። የላኩት እንዳይደገም ለእያንዳንዱ ርክክብ የራሱ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል።

የእኛ አገር ሰዓትም የራሱ ጣጣ አለው። የስልኩን ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር የሚያስተካክል ብዙ ሰው ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ሲሆን ስልኩን 3 ሰዓት ያደርገዋል። «የመጨረሻው ያሸንፋል» የሚል ሲስተም በስልኩ ሰዓት ከተማመነ፣ አዲሱን ጽሑፍ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቶ ይጥለዋል። ቅደም ተከተሉን ሰርቨሩ ቢሰጥ ይሻላል።

በጤናው ዘርፍ ኢ-ቺስ የተባለው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የዲጂታል መመዝገቢያ፣ ኮምኬር በተባለው የሶፍትዌር መድረክ ላይ ተሠርቶ፣ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ በመላክ የተመሰከረለት አንጋፋ ተቋም ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጥናት ከእሱ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ግጭትን ማሽን ይፍታው ወይስ ሰው የሚለው ያከራክራል። ለኪሎ ድምር ምናልባት ማሽኑ ይበቃል። የእናት ወይም የሕፃን መዝገብ ሲሆን ግን ሁለቱም ጽሑፍ ሳይጠፋ ለባለሙያዋ መቅረብ አለበት፤ ቤቱን የምታውቀው እሷ ናት።