አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ምንድን ነው?

አካንቶሲስ ኒግሪካንስ በአንገት ዙሪያ፣ በብብት፣ በብሽሽትና በሌሎች የቆዳ እጥፋቶች ላይ ቀስ በቀስ የሚወጣ የቆዳ መጥቆርና መወፈር ነው። የጠቆረው ቦታ ከጤናማው ቆዳ በግልጽ መስመር አይለይም፤ በጣት ሲዳሰስም ከፋይ የመሰለ ስሜት ይሰጣል። ብዙዎች እድፍ ስለሚመስላቸው ደጋግመው ይፈትጉታል፤ ነገር ግን በመታጠብ አይለቅም፣ መፈተጉም ቆዳውን ከማስቆጣት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከቆዳው ሳይሆን ከደም ውስጥ ነው። የጡንቻ፣ የጉበትና የስብ ህዋሳት የደም ስኳርን ለሚያወርደው ሆርሞን ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ሲዳከም፣ ቆሽት የደም ስኳርን በልኩ ለማቆየት ከወትሮው የበለጠ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ይህ ትርፍ ኢንሱሊን ደግሞ የቆዳ ህዋሳትን ለዕድገት በሚያነሣሡ ተቀባዮች በኩል እየሠራ ያለ ልክ እንዲባዙ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ጥቁረቱ በዋናነት የሚመጣው ከቀለም መብዛት ሳይሆን ከላይኛው የቆዳ ሽፋን መወፈር ነው። በዚያው አካባቢ ትንንሽ የተንጠለጠሉ የሥጋ ቅንጣቶችም አብረው ሊታዩ ይችላሉ።

የምልክቱ ትልቅ ዋጋ በጊዜው ላይ ነው። ቆሽት ጉድለቱን እያካካሰ እስከቀጠለ ድረስ የደም ስኳር ልኩን ጠብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ ቆዳው ከላቦራቶሪ ውጤት ቀድሞ ሊናገር ይችላል፤ በእኔ እይታ፣ አንድ ጊዜ ተመርምሮ «ስኳር የለብህም» የተባለ ሰው ጉዳዩን እንደተዘጋ መቁጠር የለበትም። በጾም የተለካ የደም ስኳር ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ ቅድመ ስኳር፣ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ይባላል። ከልክ ያለፈ ክብደት ባላቸው ልጆችና የወር አበባቸው በተዛባ ሴቶች ላይ ሲታይም ምርመራው ሊዘገይ አይገባም።

ሁሉም ግን ከኢንሱሊን ጋር የተያያዘ አይደለም። አንዳንዱ በዘር ይወረሳል፣ አንዳንዱ እንደ ኮርቲኮስቴሮይድ ባሉ መድኃኒቶች ይመጣል። በጎልማሳ ሰው ላይ በድንገት ወጥቶ በፍጥነት ሲስፋፋ፣ በተለይም አፍንና መዳፍን ሲነካና ክብደት ያለ ምክንያት ሲቀንስ፣ የጨጓራ ወይም የሌላ የውስጥ አካል ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ምርመራ ይፈልጋል።

ቆዳ የሚያቀሉ ክሬሞች መነሻውን አይነኩም። ክብደት ሲቀንስና አካላዊ እንቅስቃሴ ሲጨምር የኢንሱሊኑ መጠን ስለሚወርድ፣ ቆዳውም በወራት ውስጥ እየሳሳና እየፈካ ሊመጣ ይችላል።