አልኮሉ የቀነሰ ቢራ በቤት ውስጥ ጠመቃ

በዓለም ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቢራ ከ4 እስከ 6 በመቶ አልኮል አለው። ከዚያ ዝቅ ያለው ቢራ ስሙም ድንበሩም ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ከ0.5 በመቶ በታች የሆነውን «አልኮል አልባ» ብሎ መሸጥ ትፈቅዳለች፤ በጀርመንም ልኩ ያው 0.5 ነው። እንግሊዝ «ዝቅተኛ አልኮል» የሚለውን መለያ እስከ 1.2 በመቶ ድረስ ትሰጣለች። ስዊድን ውስጥ እስከ 3.5 በመቶ ያለው ቢራ ከምግብ መደብር ይገዛል፤ ከዚያ የበረታው ግን ዋና መሸጫው የመንግሥት መደብር ነው። እነዚህ መስመሮች የቀረጥና የፈቃድ ጉዳይ እንጂ ከጠመቃው ባሕርይ የመነጩ አይደሉም። ቤቱ ለሚጠምቅ ሰው የሚጠቅመው ክፍፍል ሌላ ነው። ከ2 እስከ 3.5 በመቶ ያለው ቢራ በተለመደው ዕቃ፣ በተለመደው ዘዴ፣ ጥቂት ነገር ተስተካክሎ ይሠራል። ከ1 በመቶ በታች ያለው ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ከጠመቃው ይልቅ ምግብ እንዳይበላሽ የመጠበቁ ሥራ ያመዝንበታል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ተበሳጭቶ ይተወዋል።

ደካማ ቢራ አዲስ ነገር አይደለም። በድሮው አውሮፓ ጠማቂው አንዱኑ ብቅል ውሃ እየጨመረ ሁለት ሦስት ጊዜ ያጠልለው ነበር። የመጀመሪያው ጭማቂ ለጠንካራው ቢራ ይሄዳል፤ የኋለኛው ቅራሪ የቤተሰብና የሠራተኛ የዕለት መጠጥ ይሆናል፣ ልጆችም ሳይቀሩ ይጠጡታል። ጆርጅ ዋሽንግተን ገና ወጣት መኮንን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1757 በያዘው ማስታወሻ ደብተር ላይ የዚህን ዓይነት ቢራ አሠራር ጽፎ ትቷል። ፉርሽካና ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) ተቀቅሎ ይጠለልና ለ30 ጋሎን 3 ጋሎን ሞላሰስ ይጨመርበታል። የሞላሰሱ ብዛት ሲታይ ግን መጠጡ እንደ ስሙ ደካማ የነበረ አይመስልም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እህል ሲያጥር የእንግሊዝ ቢራ ቀጠነ፤ ከጦርነቱ በፊት ከ1.050 በላይ የነበረው አማካይ መነሻ እፍግታ (ያልተብላላው ጭማቂ ከውሃ አንጻር ያለው ክብደት) በ1918 ወደ 1.030 ገደማ ወርዶ ነበር። የአሜሪካው የ0.5 በመቶ ድንበርም ከመጠጥ ክልከላው ዘመን የተረፈ ነው፤ በ1919 የወጣው ሕግ ከዚያ በላይ የሆነውን ሁሉ «አስካሪ» ብሎ ፈረጀው። የቤት ውስጥ ጠመቃ ራሱ ነፃ የወጣው ዘግይቶ ነው። እንግሊዝ የፈቃድ ግዴታውን ያነሳችው በ1963 ሲሆን፣ በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካርተር ሕጉን የፈረሙት በ1978 ነው።

ስሌቱ

የአልኮሉ መጠን የሚገመተው ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ እፍግታውን በሚለካው ሃይድሮሜትር ነው። ዎርት የሚባለው ጣፋጭ የብቅል ጭማቂ እርሾ ሳይገባበት እፍግታው ይለካል፤ ተብላልቶ ሲያበቃ እንደገና ይለካል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በ131 ሲባዛ አልኮሉ በመቶኛ ይገኛል። ከ1.034 ተነሥቶ 1.008 ላይ የቆመ ቢራ 3.4 በመቶ ገደማ ነው። ያው ቢራ 1.012 ላይ ቢቆም 2.9 ይሆናል። እንግዲህ አልኮል ለመቀነስ ሁለት በር አለ ማለት ነው፤ አንድም መነሻውን ዝቅ ማድረግ፣ አንድም እርሾው ስኳሩን ሳይጨርስ እንዲያቆም ማድረግ። ጥሩ ጠማቂ ሁለቱንም በልክ ይጠቀማል።

ለ20 ሊትር ቢራ፣ የብቅሉ ስኳር 75 በመቶው ይወጣል ብለን ብንነሣ፣ መነሻውን 1.048 ለማድረስ 4.3 ኪሎ ያህል ብቅል ይፈልጋል። ለ1.030 ደግሞ 2.7 ኪሎ ይበቃል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የለመደውን አሠራር ይወስድና ሁሉንም ነገር በዚሁ ልክ ይቀንሳል። የሚያገኘው ቢራ ውሃ ውሃ የሚል ነው። አልኮል ማስከር ብቻ አይደለም ሥራው፤ ለመጠጡ ሙላት ይሰጣል፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያክላል፣ የብቅሉን ጥሬ ሽታም አፍኖ ይይዛል። እሱ ሲቀነስ የጎደለውን በሌላ መሙላት ግድ ነው።

ቀላሉ መላ የሚቀነሰውን መምረጥ ነው። ዋናው ነጭ ብቅል ይቀነሳል፤ ቀለምና ጣዕም የሚሰጡት የካራሜልና የተቆሉ ብቅሎች ግን ለጠንካራው ቢራ በሚገቡበት ግራም እንዳሉ ይቆያሉ። በመቶኛ ሲሰላ ድርሻቸው ያድጋል፣ በብርጭቆ ውስጥ ያለው ጣዕም ግን ብዙም አይቀየርም። ከእህሉ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው አጃ ወይም ስንዴ ቢሆን ደግሞ ቢራው አፍ ውስጥ ለስለስ ይላል፣ አረፋውም ይቆያል።

ሙቀትና ውሃ

ከሁሉ በላይ የሚወስነው ብቅሉ በውሃ የሚዘፈዘፍበት ሙቀት ነው። ስታርቹን የሚሰባብሩት በዋናነት ሁለት ኢንዛይሞች ናቸው። ቤታ አሚሌዝ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይበረታል፤ የሚያወጣው እርሾ የሚወደውን ማልቶስ የተባለ ስኳር ነው። 70 ዲግሪ ሲደርስ ፈጥኖ ይከስማል። አልፋ አሚሌዝ ሙቀት ይችላል፤ በ70 ዲግሪ አካባቢ በደንብ ይሠራል፣ ከሚያወጣው ውስጥ ግን እርሾ የማይነካው ዴክስትሪን ይበዛል። ስለዚህ ደካማ ቢራ ከ69 እስከ 72 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይዘፈዘፋል። ቴርሞሜትሩ በሁለት ዲግሪ ከዋሸ ሌላ ቢራ ይወጣልና፣ ጠማቂው ለድስቱ ከሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ቀንሶ ለጥሩ ቴርሞሜትር ቢያውለው ይሻለዋል። ዴክስትሪንም ብቻውን ተአምር አይሠራም። ጣፋጭ አይደለም፣ ሙላቱም ከሚወራለት ያነሰ ነው። ከአጃውና ከካራሜል ብቅሉ ጋር ሲሆን ግን ልዩነቱ ይታወቃል።

ከዚህ ሌላ የቀዝቃዛ ዝፍዘፋ ዘዴ አለ። የተፈጨው ብቅል በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሌሊቱን ያድርና ፈሳሹ ብቻ ተጠልሎ ይቀቀላል። የገብስ ስታርች ወደ 60 ዲግሪ ሳይጠጋ አይሟሟም፤ ስለዚህ አብዛኛው ከእህሉ ጋር ይቀራል። ወደ ውሃው የሚያልፈው ጣዕሙ፣ ቀለሙ፣ ፕሮቲኑና ጥቂት ስኳር ነው። ብዙ እህል ለትንሽ አልኮል መጠቀም ብክነት ይመስላል፤ ሆኖም የብቅል ጣዕሙ የጠነከረ ደካማ ቢራ ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አቋራጭ አላየሁም።

ውሃው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እህሉ ሲያንስ ውሃው ይበዛበታል፤ የእህሉ ተፈጥሯዊ አሲድ የውሃውን አልካሊነት መቋቋም ያቅተውና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከፍ ይላል። ከ5.2 እስከ 5.5 መሆን የሚገባው ወደ 6 ሲጠጋ ታኒን ከገለባው መውጣት ይጀምራል፣ ቢራውም አፍ የሚያደርቅ ይሆናል። በተለይ የተጠለለውን እህል ደጋግሞ በሙቅ ውሃ ማጠብ ይህን ያመጣል። ጥቂት ላክቲክ አሲድ ጠብ ማድረግ፣ እጥበቱንም ጨርሶ ትቶ ውሃውን በሙሉ ከመጀመሪያው መጨመር ነገሩን ያቀለዋል።

ሆፕስ፣ እርሾ፣ ጠርሙስ

ለ5 በመቶ ቢራ ልክ የሆነው ምሬት ለ3 በመቶው ይከብደዋል። መነሻው 1.048 የሆነ ቢራ 30 የምሬት አሃድ ቢችል፣ 1.030 ለሆነው 18 አካባቢ ይበቃዋል። በዚያ ላይ ቀጭን ዎርት ከሆፕሱ ምሬት በተሻለ ስለሚያወጣ ሆፕሱ ከተገመተው በታች ቢሆን አይጎዳም። መዓዛው ግን መቀነስ የለበትም። ከእሳት ከወረደ በኋላና ተብላልቶ ሲያበቃ የሚጨመረው ሆፕስ እንዳለ ይቆያል።

እርሾን በሚመለከት የሚፈለገው ስንፍና ነው። ማልቶትራዮስ የተባለውን ስኳር መብላት የማይችሉ፣ ኤል ለተባለው ቢራ የሚያገለግሉ የእንግሊዝ እርሾዎች አሉ፤ ስኳሩን 65 በመቶ ገደማ ጨርሰው ያቆማሉ። በተቃራኒው ሴዞን ለተባለው የቤልጂግ ቢራ የሚያገለግሉ ብዙ እርሾዎች ዴክስትሪኑን ራሱን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመነጫሉና፣ በዝፍዘፋው የተለፋበትን ሁሉ ጠራርገው ይበሉታል። ብልላቱ ፈጣን ነው፤ ብዙ ጊዜ በሦስት አራት ቀን ያበቃል። ያበቃ መስሎ ቢታይም ግን እፍግታው ለሁለት ሦስት ቀን ባለበት መቆሙን ሳያረጋግጡ ቆርኪ መምታት አይገባም።

ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እንዲፈጠር የሚጨመረው ስኳር ራሱ አልኮል ይሆናል። በሊትር 6 ግራም ስኳር 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። በ5 በመቶ ቢራ ላይ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በ2.5 በመቶው ላይ ግን ከጠቅላላው ስድስተኛ እጅ ገደማ ነው፤ 0.5 በመቶ ለሚፈልግ ደግሞ ሙሉውን ሒሳብ ያፈርሳል። ደካማ ቢራ ቶሎ ስለሚያረጅም ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጦ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መጠጣት ነው።

ከ1 በመቶ በታች

እዚህ ላይ ዘዴው ይቀየራል። ፋብሪካዎች አልኮሉን በቫኪዩም ዝቅ ባለ ሙቀት ያተኑታል፣ ወይም በጣም ረቂቅ በሆነ ማጣሪያ በግፊት ይለዩታል። ሁለቱም ለቤት የሚሆኑ አይደሉም። ለቤት የሚቀርበው ማልቶስ የማይበሉ እርሾዎችን መጠቀም ነው። ሳካሮማይኮደስ ሉድቪጊ፣ ፒኪያ ክሉይቬሪና የሳካሮማይሲስ ዘር የሆነው ቼቫሊየሪ ይጠቀሳሉ። እነዚህ ግሉኮስና መሰል ቀላል ስኳሮችን ብቻ በልተው ያቆማሉ። የዎርቱ ትልቁ ድርሻ ማልቶስ በመሆኑ አልኮሉ በጣም ያነሰ ይሆናል፤ መዓዛው ግን የተብላላ መጠጥ መዓዛ ነው።

ችግሩ ያልተበላው ማልቶስ ጠርሙሱ ውስጥ መቅረቱ ነው። አንዲት የባዘነች ተራ እርሾ ከገባች ስኳሩን ታገኘዋለች፣ ጋዙም ጠርሙሱን እስኪያፈነዳ ይጠራቀማል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ጤና ነው። ተራ ቢራን የሚጠብቀው የአልኮል፣ የአሲድነት፣ የሆፕስና የምግብ ማጣት ኅብረት ነው። እዚህ አልኮሉ የለም፣ ስኳሩ ሞልቷል። ሆፕስ ደግሞ እንደ ኢ ኮላይና ሳልሞኔላ ያሉትን ባክቴሪያዎች አያግድም። ስለዚህ ዎርቱ እርሾ ሳይገባበት በላክቲክ አሲድ ይኮመጥጣል፤ የመጨረሻው ፒኤች ከ4.2 በታች እንዲሆን ይደረጋል። የታሸገው ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ፓስቸራይዝ ይደረጋል፣ ከዚያም ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። በጠርሙስ ውስጥ በስኳር ጋዝ መፍጠር አይሆንም፤ ጋዙ ከሲሊንደር ነው የሚሰጠው። ይህን ሁሉ የማያሟላ ቤት ወደ 2.5 በመቶው ቢመለስ ይሻላል።

የተሠራውን ቢራ አፍልቶ አልኮሉን ማብነን የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማል። አልኮል ብቻውን 78 ዲግሪ ላይ ቢፈላም ከውሃ ጋር ሲደባለቅ ውሃውን ይዞ ቀስ በቀስ ነው የሚወጣው። ከ5 ወደ 0.5 ለማውረድ ከቢራው አምስተኛ እጅ ያህሉ መትነን አለበት። እስከዚያ የሆፕሱ መዓዛ ጠፍቶ የተቀቀለ ጣዕም ይተካል። ትነቱን አቀዝቅዞ መሰብሰብ ደግሞ ማንጠር ነው፤ በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ በሕግ ያስጠይቃል።

የቤት መለኪያም ለዚህ ደረጃ አይበቃም። በሃይድሮሜትር ላይ የ0.001 ስህተት 0.13 በመቶ አልኮል ነው፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ደግሞ በ0.002 እርምጃ የተከፋፈሉ ናቸው። በብርሃን ስብራት ስኳር የሚለካው ሪፍራክቶሜትር አልኮል ከተፈጠረ በኋላ የሚሰጠው ንባብ ያለ እርማት ስህተት ነው። በመድኃኒት፣ በእርግዝና ወይም በእምነት ምክንያት አልኮል ጨርሶ ለማይነካ ሰው በቤት የተጠመቀን «0.5» ብሎ ማቅረብ አይቻልም፤ በላቦራቶሪ ያልተለካ ቁጥር ግምት ነው።