ፋይሉን አሁን አንብቤው ሰዓቱ ለምን የጠዋቱ ሆነ?

ሊኑክስ ላይ አንድ ፋይል ከፍታችሁ አነበባችሁ። መጨረሻ የተነበበበትን ሰዓት ስታዩ ግን የጠዋቱን ያሳያል። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። «ሬልኤታይም» የሚባል ደንብ ነው።

ድሮ ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና አንኳር ፕሮግራም) ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓቱን ይመዘግብ ነበር። ማንበብ ራሱ መጻፍን ያስከትላል ማለት ነው። 1,000 ፎቶ ያለበት ፎልደር ባክአፕ ሲደረግ፣ አንድም ፎቶ ሳይቀየር የ1,000 ፎቶ ሰዓት ዲስክ ላይ ይጻፋል። ምን የሚሉት ሥራ ነው!

በ2009 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከርነል 2.6.30 ወዲህ ሰዓቱ የሚታደሰው፣ ካለፈው ንባብ በኋላ ፋይሉ ተቀይሮ ከሆነ ወይም የተመዘገበው ሰዓት 24 ሰዓት ካለፈው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከተመዘገበና ፋይሉን ማንም ካልነካው፣ እስከ ነገ 3 ሰዓት አሥሬ ብታነቡትም ያው ነው።

ታዲያ ለምን ጨርሶ አልተተወም? አዲስ ደብዳቤ መምጣቱን በዚህ ሰዓት የሚለዩ የኢሜይል ፕሮግራሞች ስላሉ ነው። ጨርሶ የሚያጠፋው ምርጫ «ኖኤታይም» ይባላል። እኔ ላፕቶፔ ላይ የምጠቀመው እሱን ነው፤ እስካሁን ምንም አልጎደለብኝም። ፍጥነቱ ላይ ግን ተአምር አትጠብቁ፤ አብዛኛውን ሸክም ሬልኤታይም ቀድሞ አውርዶታል።