የሰፈር መንገድ በመዋጮ፦ የባሕር ዳር የውስጥ ለውስጥ መንገዶች አሠራር

በባሕር ዳር ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈር ከሚታጠፉት የጥርብ ድንጋይ (ኮብልስቶን) መንገዶች በርካቶቹ የተሠሩት ነዋሪው ባዋጣው ገንዘብና ከተማ አስተዳደሩ በጨመረበት በጀት ነው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የአንድ መንገድ ነዋሪዎች ይሰበሰባሉ፣ ኮሚቴ ይመርጣሉ፣ ድርሻቸውን ባንክ ያስገባሉ፤ አስተዳደሩ ዲዛይን፣ ተቆጣጣሪና ቀሪውን ገንዘብ ያቀርባል፤ ድንጋዩን በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ያነጥፋሉ። ከተማዋ የምትታወቅባቸው ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ባለሙያዎች ከተዘጋጀው ማስተር ፕላን የመጡ ናቸው። የመዋጮው ጉዳይ ከእነዚያ ጎዳናዎች ጀርባ ያለውን ይመለከታል።

የትኛው መንገድ የማን ነው

ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት አገር አቋራጭ መንገዶች የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ኃላፊነት ናቸው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም በፌዴራል በጀት የተሠራ ነው። በከተማው ውስጥ ያሉ አስፋልቶች፣ ቦዮች፣ የመንገድ መብራትና አረንጓዴ ቦታዎች የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ናቸው። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዋና ገቢው ነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ሲሆን የሚውለው ለጥገና ነው። ፈንዱ ለከተሞችም ድርሻ አለው፤ አዲስ የሰፈር መንገድ ግን አይከፍትም።

ለአዲስ ግንባታ ከተማው የሚተማመንባቸው የገቢ ምንጮች የሊዝ ክፍያ፣ በተለምዶ «ጣሪያና ግድግዳ» የሚባለው የቤት ግብር፣ የቦታ ኪራይና የአገልግሎት ክፍያዎች ናቸው። ሊዝ ትልቁን ተስፋ የተሸከመ ቢሆንም በችኮላ የሚገባ ገንዘብ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ተጫራቹ በቅድሚያ የመክፈል ግዴታ ያለበት ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶ ነው፤ ቀሪው በዓመታት ተከፋፍሎ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ይህን የገቢ መሠረት ያሰፋል ተብሎ ይጠበቃል።

ከዚህ ሌላ ባሕር ዳር በዓለም ባንክ የሚደገፉ ተከታታይ የከተማ ልማት ፕሮግራሞች ተጠቃሚ ነበረች። የመጀመሪያው በ2000 ዓ.ም. ጥቂት ከተሞችን ይዞ ተጀመረ፤ ሁለተኛው በ2006 ዓ.ም. 44 ከተሞችን፣ ሦስተኛው በ2010 ዓ.ም. 117 ከተሞችን አቀፈ። የነዚህ ፕሮግራሞች ፍሬ በመንገድ ሜትር ብቻ የሚለካ አይደለም። ገንዘቡ ይለቀቅ የነበረው በየዓመቱ በገለልተኛ ገምጋሚ በሚሰጥ ውጤት ስለነበር፣ ከተማው የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ የገቢ ማሳደጊያ ዕቅድና የንብረት መዝገብ እንዲኖረው ግድ ሆነ። ዛሬ አንድ የሰፈር ኮሚቴ «የእኛ መንገድ በዕቅድ ውስጥ ገብቷል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስለዚያ የሦስት ዓመት ሰነድ ነው። እዚያ ያልገባ መንገድ መዋጮው ቢሟላም ተራ ይጠብቃል።

ቦንድ ለምን አይሆንም?

በሌላው ዓለም፣ በተለይ በአሜሪካ ከተሞች፣ መንገድና ቦይ የሚሠራው ብዙ ጊዜ በቦንድ ነው። ከተማው የሚበደረው መጠንና የሚሠራቸው ሥራዎች በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ፤ ነዋሪው ከፈቀደ መንገዱ ቶሎ ይሠራል፣ ዕዳው በንብረት ግብር ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ይከፈላል። በካሊፎርኒያ ከተሞች እንዲህ ያለው ቦንድ ለማለፍ የድምፅ ሰጪውን ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይፈልጋል።

በኢትዮጵያ ገንዘብ የመበደር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 7 ለፌዴራሉ መንግሥት የተሰጠ ነው፤ ክልሎችም ከአገር ውስጥ ምንጭ የሚበደሩበትን ሁኔታ የሚወስነው እርሱ ነው። አዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም ግንባታ ቦንድ እያወጣች ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሸጣለች፤ ያ ግን የነዋሪ ድምፅ የተሰጠበት አልነበረም። በዓባይ ዳር ለሚኖር ሰው «ቦንድ ገዛህ?» ማለት ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ወዲህ የሚያስታውሰው የሕዳሴውን ግድብ እንጂ የቀበሌውን መንገድ አይደለም።

ስለዚህ በመዋጮው አሠራር የነገሩ ቅደም ተከተል ይገለበጣል፦ በቦንድ መንገዱ ቀድሞ ዕዳው ይከተላል፣ በመዋጮ ገንዘቡ ቀድሞ መንገዱ ይከተላል። የአሠራሩ ጥንካሬም ድካሙም እዚህ ላይ ነው። ጥንካሬው፣ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ዕዳ የለም፤ ከፋዩም በሩ ላይ የሚሠራውን እያየ ይቆጣጠራል። ድካሙ ደግሞ ተሰብስቦ ባንክ የተቀመጠ ብር ሲሚንቶና ናፍጣ በጨመሩ ቁጥር ሜትር እያጠረበት መሄዱ ነው። መዋጮው በኅዳር ተጠናቆ ሥራው በሚያዝያ ከተጀመረ በኅዳሩ ግምት መሥራት አይቻልም፤ ኮሚቴው ሁለተኛ ዙር መዋጮ ይዞ በር ለበር መዞር ይጀምራል። ሁለተኛው ዙር ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ስብሰባውና መዋጮው

ጥያቄው የሚቀርበው ለቀበሌ ወይም ለክፍለ ከተማ ነው። የስብሰባው ቃለ ጉባኤ የተሰብሳቢውን ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ፣ የመንገዱን መነሻና መድረሻ፣ የተመረጡትን የኮሚቴ አባላት መያዝ አለበት። ገንዘቡ በግለሰብ ስም እንዳይቀመጥ በኮሚቴው ስም ሒሳብ ይከፈታል፤ ቢያንስ የሁለት ወይም የሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ ያስፈልገዋል። በእጅ የተሰበሰበ ብር ደረሰኝ ሳይቆረጥለት አንድ ቀን ካደረ ሐሜቱ ከመንገዱ ቀድሞ ይደርሳል።

ትልቁ ክርክር የድርሻ አከፋፈል ነው። እኩል ቢካፈል የ100 ካሬ ባለይዞታ ከ500 ካሬው ጋር እኩል ይከፍላል። በፊት ለፊት ሜትር ቢካፈል ደግሞ ማዕዘን ላይ ያለ ቤት በሁለት በኩል ይቆጠርበታል። ብዙ ሰፈሮች የሚያዋጣቸው መካከለኛው ነው፦ ግማሹን እኩል፣ ግማሹን በፊት ለፊት ርዝመት፤ ለማዕዘን ቤት በሩ ያለበት ጎን ብቻ ይቆጠራል። የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ ባለቤቱ ውጭ አገር የሆነ ባዶ ቦታ፣ አቅመ ደካማ አረጋውያን፣ መንገዱ ዳር ያለ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በመጀመሪያው ስብሰባ ስማቸው ተጠርቶ ካልተወሰነ በመጨረሻው ስብሰባ ጠብ ይሆናሉ። ኮሚቴው እምቢ ባይን የሚያስገድድበት ሕጋዊ ሥልጣን የለውም። የሚሠራው የዕድር ሽማግሌና ይሉኝታ ነው፤ ዕቁብ የለመደ ሰፈር በወር በወር ከፋፍሎ ሲሰበስብ የተሻለ ይሳካለታል።

የአንድ መንገድ ስሌት

200 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 1,200 ካሬ ሜትር ነው። ድንጋዩ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ክፍተቱ 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በካሬ 82 ያህል፣ በጠቅላላው ወደ 98,000 ጥርብ ድንጋይ ይፈልጋል። ከሥሩ 20 ሳንቲ ሜትር ተጠቅጥቆ የሚቀር ገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት የመንገድ መደልደያ አፈር) 240 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 300 ያህል ይታዘዛል፣ ባለ 16 ሜትር ኩብ ገልባጭ 19 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። 4 ሳንቲ ሜትር የአሸዋ ምንጣፍ ሌላ 48 ሜትር ኩብ ነው፣ ለክፍተት መሙያ የሚሆነውን ሳይጨምር።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ተቆፍሮ የሚወጣው አፈር ነው። ገረጋንቲው፣ አሸዋውና ድንጋዩ ተደምረው 34 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆኑ ያን ያህል ጥልቀት መቆፈር አለበት፤ ከ400 ሜትር ኩብ በላይ ነው፣ ሲፈታ 500 ያልፋል። ከ30 በላይ የገልባጭ ጭነት መድፊያ ቦታና ኪራይ በግምቱ ውስጥ ካልተያዘ ሥራ ተቋራጩ ወይም ማኅበሩ የሚያደርገው የታወቀ ነው፦ ትንሽ ይቆፍርና ከላይ ይከምራል። ውጤቱ የመጀመሪያው ሐምሌ ሲገባ ይታያል። መንገዱ ከግቢዎቹ በር በላይ ይሆንና ጎርፉ ወደ ቤት ይገባል። ባሕር ዳር ላይ ይህ ስህተት ከሌላው ከተማ ይልቅ የሚጎዳው መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ነው፤ ውሃው ወዲያ የሚሄድበት ቁልቁለት የለውም። ስለዚህ ከቁፋሮ በፊት የያንዳንዱ በር ደፍ ከፍታ በሌቭል (የከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ተለክቶ በወረቀት ይያዝ፤ የመንገዱ ዳር ከዝቅተኛው ደፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ይኖርበታል።

ቦይ ይቀድማል

በጎርፍ የሚበላሽ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የቦይ ችግር አለበት። የውሃ መውረጃ በ100 ሜትር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ካልወረደ ደለል ይሞላዋል። 300 ሜትር የሚሄድ ቦይ ስለዚህ ከመነሻው 1 ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ መድረስ አለበት፤ መድረሻው ያለው ዋና ቦይ ከዚያ ከፍ ብሎ ከተገኘ ሥራው ሳይጀመር መቆም አለበት፣ ያለዚያ የሚሠራው ረጅም ኩሬ ነው። የመጨረሻው መድረሻ ደግሞ ጣና ወይም ዓባይ ነው። ቤቶች የልብስ አጠባና የመጸዳጃ ፍሳሽ በድብቅ ከዝናብ ቦይ ጋር ሲያገናኙ ያ ሁሉ እንደ እምቦጭ ያለውን አረም የሚመግብ ሆኖ ሐይቅ ይገባል። ክልከላው በኮሚቴው ውል ውስጥ ቢገባ ይበጃል፤ ቁጥጥሩ ግን ከባድ ነው።

ከቦይ ቀጥሎ ውሃና ቴሌ ይመጣሉ። የውሃ መስመር የሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ድንጋይ ከመነጠፉ በፊት ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ መቅበር ርካሽ ነገር ነው። ይህ ባልተደረገበት ሰፈር አዲስ ቤት የሠራ ሰው ውሃ ሊያስገባ መንገዱን ይሰነጥቃል፣ ሳይጠቀጥቅ ይመልሳል፣ ያ መስመር በዓመቱ ሰጥሞ ይገኛል።

ድንጋዩና አነጣጠፉ

ከጣና በስተደቡብ ያለው ሜዳ በጥንት የፈሰሰ ባዛልት የተኛበት ስለሆነ ጥሬ ዕቃው ሩቅ አይደለም። ጥሩ ጥርብ ላዩ ጠፍጣፋ፣ ጎኖቹ እኩል፣ ሲመቱት የጠራ ድምፅ የሚሰጥ ነው። ወደ ታች የሚሾል ድንጋይ ይጣል፤ ጎማ ሲረግጠው ይዞራል፣ ጎረቤቶቹንም ያፈናቅላል። ቅርጽ ያልጠበቀ ድንጋይ በመኪና ሲራገፍ መመለስ ይቀላል፤ ከተነጠፈ በኋላ ማንም አይነቅለውም።

መረሬ አፈር ባለበት ሰፈር ከሥር ያለውን ጥቁር አፈር ቢያንስ ከላይኛው ክፍል ማውጣትና በገረጋንቲ መተካት ግድ ነው። መረሬ በክረምት አብጦ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ድንጋዩንም ይዞት ይወጣል ይወርዳል። ገረጋንቲው በአንድ ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር ተዘርግቶ ከሚጠቀጠቅ በሁለት ንብርብር፣ ውሃ እየተረጨ ቢጠቀጠቅ ይሻላል። ቀጥሎ የዳር ድንጋይ (ከርብ) በኮንክሪት ይታሰራል። ከርብ የሌለው መንገድ ከዳር ወደ መሐል ይፈታል። አንጣፊዎች በሲባጎ መሥመር ይዘው፣ ከመሐል ወደ ዳር በሜትር 2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ዘቅዘቅ እያደረጉ ያነጥፋሉ፤ ረድፉ ለመኪናው ጉዞ አግድም መሆን አለበት። ክፍተቱ በደረቅ አሸዋ ይሞላል፣ በንዝረት መጠቅጠቂያ ይረገጣል፣ እንደገና ይሞላል።

የቀን መቁጠሪያው ችግር

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዝናቡ ያን ጊዜ በኃይሉ ነው። ጨረታና ውል እስኪያልቁ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ይደርሳል፤ በሰኔ ደግሞ ያልተከፈለ ገንዘብ ስለሚመለስ ሁሉም ሰነድ ለመዝጋት ይጣደፋል። እውነተኛው የሥራ ወቅት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቢሆንም ብዙ መንገድ በሚያዝያና በግንቦት ጥድፊያ ይነጠፋል። በሰኔ የተነጠፈ መንገድ አሸዋው ሳይረጋ ዝናብ ይወርድበታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግርም የዕቃ ማመላለሻ ቀናትን እየቆረጠ ይህን ጠባብ ወቅት የበለጠ አጥብቦታል። አስቀድሞ የተዘጋጀ ኮሚቴ ዲዛይኑንና መዋጮውን በክረምት ጨርሶ መስከረም ሲጠባ ውል ይፈርማል።

ርክክብና ጥገና

ሥራው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ከክፍያው ተይዞ የሚቆየው መያዣ ገንዘብ የሚለቀቀው በውሉ የተቀመጠው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ ሲያልፍ በመጨረሻው ርክክብ ነው። አንድ ክረምት ሳያዩ የመጨረሻውን መፈረም ዋጋ ያስከፍላል። በጊዜያዊው ርክክብ ዕለት የሚታየው ጥቂት ነው፦ ባለ 3 ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ ድንጋዩ ላይ ሲጋደም ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዳይኖር፣ ባልዲ ውሃ ሲደፋ ወደ ቦዩ እንዲሄድ፣ የቦይ ክዳኖች ሲረገጡ እንዳይንቀሳቀሱ።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ክረምት አሸዋውን ከክፍተቶቹ ስለሚያጥብ በመስከረም መጨረሻ አንድ ገልባጭ አሸዋ ገዝቶ መሙላት ያስፈልጋል። ቤት የሚሠራ ጎረቤት ካለ ድንጋይና አሸዋ የጫነ ሲኖ (ከባድ ገልባጭ) ወደ ሰፈር እንዳይገባ፣ ወይም ጭነቱን ከፋፍሎ በአነስተኛው አይሱዙ እንዲያስገባ በቃለ ጉባኤው ይወሰን። ከተረፈው ጥርብ አንድ ሺህ ያህሉ በአንድ ግቢ ይቀመጥ፤ ቧንቧ ተቆፍሮ ሲመለስ ከሚሰበሩት ይተካል፣ አዲስ ለመግዛት ግን ያን ያህል ትንሽ የሚያመጣ መኪና አይገኝም።