ስቲል ምንድን ነው? ጨው ስለበዛበት ብረት

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ኤፍል ታወር ሲያስረዳ ሰማሁ። «ብረት ላይ ካርቦን ሲጨመር ስቲል ይሆናል። ካርቦኑ በበዛ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። ኤፍል ታወር ከመቶ ዓመት በላይ የቆመው ለዚህ ነው» አለ። ይህችን ነገር ስንቴ ሰማኋት! ተማሪዎቼም ከየት እንደሚያመጧት እንጃ፣ ይዘዋት ይመጣሉ። ዛሬ ዝም ብዬ አላልፍም።

ከመጨረሻው ልነሳ። ኤፍል ታወር ስቲል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1889 ፓሪስ ላይ ሲመረቅ ቁመቱ 300 ሜትር ገደማ፣ ብረቱ 7,300 ቶን ነበር። ያ ሁሉ ብረት ካርቦኑ ወጥቶ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ነው።

ካርቦንን እንደ ጨው አስቡት። የብረት ማዕድን በከሰል ሲቀልጥ ከከሰሉ ካርቦን ይጠጣል። ከምድጃው ሲወጣ 4 በመቶ ያህል ይዟል፤ ለብረት ይሄ ብዙ ነው። ወጡ ገና ከእሳት ሲወርድ ጨው በዝቶበታል ማለት ነው። ወጥ የሠራ ሰው ያውቃል፤ ጨው መጨመር የአፍታ ሥራ ነው፣ ጭንቁ የበዛውን ማውጣቱ ላይ ነው። ለቢላና ለመጋዝ ሲሆን ካርቦን የሚጨመርበት ዘዴም ነበር፣ እሱን አልክድም። የድልድይና የሕንጻ ብረት ታሪክ ግን ጨው የመቀነስ ታሪክ ነው።

ጨው የበዛበት ብረት ካስት አይረን ይባላል። ቀልጦ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ የፈለጉት ቅርጽ ውስጥ ይገባል። ሲጫኑት ይችላል። ሲስቡት ግን ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። እንግሊዝ ውስጥ ሰቨርን ወንዝ ላይ በ1779 የቆመው ድልድይ ከዚህ ብረት ተሠርቶ ዛሬም አለ። ቅስት ስለሆነ ክብደቱ ብረቱን ይጫነዋል እንጂ አይስበውም። ቼስተር አጠገብ ዲ ወንዝ ላይ የነበረው የባቡር ድልድይ ግን ቅስት አልነበረም፤ የካስት አይረን ቢም፣ ማለትም አግድም የተጋደመ ተሸካሚ ነበር። ቢም ጭነት ሲያርፍበት የታችኛው ጎኑ ይሳባል። በ1847 ባቡር ሲያልፍበት ተሰበረ፣ አምስት ሰው ሞተ።

ጨዉን ለማውጣት ከተሞከረው ሁሉ እኔን የሚመስጠኝ ሄንሪ ኮርት በ1784 ያስመዘገበው ዘዴ ነው። ሠራተኛው ረጅም ዘንግ ይዞ በምድጃው ቀዳዳ የቀለጠውን ብረት ያማስላል። ካርቦኑ እየተቃጠለ ሲወጣ ብረቱ ይወፍራል። እንደ ገንፎ ማማሰያውን እምቢ ይላል። እሳቱ አልቀነሰም። ካርቦኑ የቀነሰ ብረት ለመቅለጥ የበለጠ ሙቀት ስለሚፈልግ ነው የሚረጋው። ከዚያ በትኩሱ አውጥተው ይቀጠቅጡታል። የኤፍል ታወር ብረት እንዲህ እየተማሰለ የወጣ ነው።

ግን አዝጋሚ ነው፣ ውድም ነው። በ1856 ሄንሪ ቤሰመር የቀለጠው ብረት ውስጥ አየር ነፋበት። አየሩ ያበርደዋል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ግን ካርቦኑና ብረቱ ውስጥ ያለው ሲሊከን የሚባል ንጥረ ነገር ሲቃጠሉ ራሳቸው ያግሉታል። ሥራው በ20 ደቂቃ ገደማ አለቀ። ጨዉ ሙልጭ ብሎ ከወጣ በኋላ በልኩ ትንሽ ይመለስበታል። ይኸው ነው ስቲል። ለሕንጻ የሚሆነው 0.2 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ፎስፎረስ ያለበት ማዕድን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በቅዝቃዜ ተሰባሪ ያደርገዋል። እዚህ ላይ የጨው ምሳሌዬ አይሠራም፣ የሻገተ ቅቤ ማለት ይሻላል።

ልዩነቱን ለማየት የቺካጎውን ሞናድኖክ ሕንጻ ተመልከቱ። በ1891 የተሠራው ሰሜናዊ ክፍሉ 16 ፎቁን በጡብ ግድግዳ ስለሚሸከም፣ ግድግዳው ከታች 1.8 ሜትር ያህል ይወፍራል። በ1931 ኒው ዮርክ ላይ ኢምፓየር ስቴት 102 ፎቅ ሲደርስ ክብደቱን የያዘው የስቲል አጽም ነው።

ታዲያ «ካርቦን ሲበዛ ይጠነክራል» ከየት መጣ? ግማሹ ጥፋት የቃሉ ይመስለኛል። በአማርኛ አለመፋቅም ጥንካሬ ነው፣ ጭነት መቻልም ጥንካሬ ነው፣ ተመትቶ አለመሰበርም ጥንካሬ ነው። ስቲል ላይ ካርቦን ሁለቱን ይጨምራል፣ ሦስተኛውን ይበላል። ሞረድ ውሰዱ። ካርቦኑ ከ1 በመቶ ይበልጣል፣ ሌላውን ብረት ይፍቃል። በመዶሻ ብትመቱት ግን እንደ ብርጭቆ እንክት ይላል። እርግጥ ሞረዱ ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ መደረጉም ድርሻ አለው።

አሁን ደግሞ ግንባታ ቦታ ሂዱና ፌራዮው፣ ማለትም የአርማታ ብረት (ፌሮ) ሠራተኛው፣ ስታፋ (የቆሙትን ፌሮዎች ዙሪያ የሚይዘውን ቀለበት) ሲሠራ እዩት። ፌሮውን ጠረጴዛው ላይ ይይዘዋል፣ ይጎትተዋል፣ ማዕዘኑ ይወጣል። የታጠፈውን ጥግ በጣታችሁ ዳብሱት፣ ስንጥቅ የለውም። ካርቦን እንደዚያ ሰውዬ ምክር ቢበዛበት እዚያው ጥግ ላይ ይሰነጠቅ ነበር፤ ብየዳም አይቀበልም። ርዕደ መሬት ሲመጣ ደግሞ ፌሮ ከመበጠሱ በፊት መለጠጥ አለበት። አርማታው ሲሰነጣጠቅ ሰው አይቶ የሚወጣበት ጊዜ የሚገኘው ከዚያ ነው።