«ወጣቱ፣ ወደ ምዕራብ ሂድ»፦ አባባሉ ከየት መጣ? በአንድ የጉርምስና ልቦለድ ውስጥስ ምን ገጠመው?

«ወጣቱ፣ ወደ ምዕራብ ሂድ፤ ከአገሪቱም ጋር አብረህ እደግ።»

አሜሪካኖች ይህን አባባል ሲያነሱት ብዙ ጊዜ የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ነው የሚይዙት። የጋዜጣ ርእስ ይሆናል፣ የማስታወቂያ መፈክር ይሆናል፣ ሥራ ፈትቶ ቤት ለሚውል ልጅ ማሾፊያ ይሆናል። ቁም ነገሩ ግን ያለው ኋለኛው ግማሽ ላይ ነው። «ሂድ» የሚል መካሪ የትም አይጠፋም። «አብረህ እደግ» ግን የውል ቃል አለበት፦ አንተ ገና ነህ፣ አገሪቱም ገና ናት፤ እሷ ስትሰፋ አንተ ትጎለምሳለህ፣ አንተ ስትጎለምስ እሷ ትሞላለች። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ምክር ቢሰጥ «ልጄ» ብሎ ነበር የሚጀምረው። የእንግሊዝኛው ድምፅ ከዚያ ጠንከር ይላል፤ ልጁን ለአቅመ አዳም እንደ ደረሰ ሰው ቆጥሮ ነው የሚናገረው።

«ምዕራብ» ሲባልም አቅጣጫ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አፍ፣ ሰፋሪው ገና ያልሞላው መሬት ሁሉ ምዕራብ ነው፤ ኢንዲያናም በጊዜዋ ምዕራብ ተብላለች። መሬቱ ባዶ ነበር ማለት ግን አይደለም። የቴክሳስን ሜዳ የያዙት ኮማንቺ የተባሉት የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች የመጨረሻ ተዋጊዎቻቸው እጃቸውን የሰጡት በ1875 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባባሉ ስለ እነሱ አንድም ቃል የለውም።

አባባሉ የሚለጠፈው በሆራስ ግሪሊ ስም ነው። ግሪሊ በ1841 «ኒውዮርክ ትሪቡን»ን የመሠረተ፣ ብዕሩ የሚፈራ አዘጋጅ ነበር፤ በሞተበት በ1872 ለፕሬዝዳንትነት ተወዳድሮ በዩሊሲስ ግራንት ተሸንፏል። እንደ ማስረጃ የሚቀርበው ጋዜጣው በጁላይ 13 ቀን 1865 አወጣው የሚባል ጽሑፍ ነው፦ ዋሽንግተን ኪራዩ ውድ፣ ምግቡ መጥፎ፣ አቧራው የማይቻል ነውና ወደ ምዕራብ ሂድ፣ ይላል ተብሎ ይጠቀሳል። የጋዜጣው ቅጾች ተገላብጠው ሲታዩ ግን ዓረፍተ ነገሩ በዚያ መልኩ አልተገኘም። ሌላው ወሬ ጆን ሶል የተባለ የኢንዲያና ጋዜጠኛ በ1851 በቴሬ ሆት ከተማ ጋዜጣ ጻፈው ይላል፤ እሱም ሲፈተሽ ባዶ ሆኗል። ጆሳያ ግሪኔል የተባለ ቄስ ደግሞ ምክሩን ከግሪሊ አፍ ሰማሁት ብሏል፤ ቄሱ በ1854 አዮዋ ውስጥ በስሙ የተጠራች ከተማ ቆርቁሯል፣ ስለዚህ ቢያንስ ምክሩን ሠርቶበታል። ጥርጥር የሌለበት ነገር ቢኖር ግሪሊ ከ1837ቱ የገንዘብ ቀውስ ጀምሮ ሥራ ያጡ የከተማ ወጣቶችን ወደ ምዕራብ ውጡ እያለ ሲወተውት መኖሩ ነው። ራሱ ግን ኒውዮርክን አልለቀቀም። በ1859 በሠረገላ እስከ ካሊፎርኒያ ተጓዘ፤ አንድ ነጂ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ፈረሶቹን እንዴት አድርጎ እንዳስጋለበውና ጭንቅላቱን ከጣሪያው ጋር እንዳላተመው ሲወራ ኖሯል። ከዚያ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ምክሩን ወደ መሬት ያወረደው አብርሃም ሊንከን በሜይ 20 ቀን 1862 የፈረመው የሰፈራ ሕግ ነው። አንድ ሰው 160 ኤከር ይደርሰዋል፤ 65 ሄክታር መሆኑ ነው፣ ጋሻው 40 ሄክታር ከተባለ አንድ ጋሻ ተኩል አለፍ ይላል። ዕድሜው 21 የሞላ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ መሆን አለበት። አምስት ዓመት እዚያው ይኖራል፣ ቤት ይሠራል፣ ያርሳል፤ የመዝገቡ ክፍያ በጠቅላላው 18 ዶላር ነው። በዚህ መንገድ ወደ 1.6 ሚሊዮን የሚጠጋ የይዞታ ወረቀት ተሰጥቷል፤ ጀምረው የተዉት ግን ወረቀቱን ካገኙት ይበልጣሉ። ምክንያቱ ዝናብ ነው። ከ100ኛው የኬንትሮስ መስመር ወደ ምዕራብ ሲታለፍ የዓመቱ ዝናብ ከ500 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል። አዮዋ ላይ ቤተሰብ አጥግቦ የሚያሳድር 160 ኤከር፣ እዚያ ለእርሻ ይደርቃል፣ ለከብት ግጦሽ ደግሞ ይጠባል። ቴክሳስ ስትቀላቀል የሕዝብ መሬቷን ለራሷ ስላስቀረች ይህ ሕግ አልደረሰባትም፤ እዚያ ሰፊ ርስት በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ውሉ መቼ ፈረሰ ቢባል ቀን ሊጠቀስለት ይችላል። የ1890 የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በካሬ ማይል ከሁለት ሰው በታች የሚኖርበትን የሰፈራ ጠረፍ በአንድ መስመር ማሳየት ከእንግዲህ አይቻልም አለ። ታሪክ ጸሐፊው ፍሬድሪክ ጃክሰን ተርነር በጁላይ 1893 ቺካጎ ላይ ይህንኑ ይዞ፣ አሜሪካዊውን አሜሪካዊ ያደረገው ጠረፉ ነበር፣ እሱም ተዘጋ ሲል አስረዳ። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ከተማ፣ ቡፋሎ ቢል የተባለው የትርኢት ሰው የካውቦይ ትርኢቱን ለተመልካች እያሳየ ነበር።

ካውቦዩ ጀግና የሆነው እንዲህ ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ። ከብት እየነዱ ከቴክሳስ ወደ ካንሳስ የባቡር ጣቢያ ማድረስ የዘለቀው ከ1860ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል ነው። ከ2,000 እስከ 3,000 የሚደርስ ከብት፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ነጂ፣ በቀን ከ10 እስከ 15 ማይል፣ በወር ከ25 እስከ 40 ዶላር። ከነጂዎቹ ብዙዎቹ ጥቁሮችና ሜክሲኳውያን ነበሩ። ሜዳውን የከፋፈለው የሽቦ አጥርና ከብቱን የፈጀው የ1886–87 የበረዶ ወራት ሥራውን ቀበሩት። የሙያው ቃላት ራሳቸው ከደቡብ የመጡ ናቸው፦ ላሪያት (የከብት መያዣ ገመድ)፣ ሮዲዮ (የከብት ነጂዎች ውድድር)፣ ሙስታንግ (የዱር ፈረስ)፣ ቻፕስ (እግር የሚሸፍን ቆዳ)፣ ሁሉም ከሜክሲኮ እስፓኒሽ። ይህ ወደ ልቦለዱ ስንገባ ይጠቅመናል።

ልቦለዱ የአሜሪካዊው ደራሲ የኮርማክ ማካርቲ «ኦል ዘ ፕሪቲ ሆርሰስ» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ያማሩት ፈረሶች ሁሉ» ልንለው እንችላለን። በ1992 ታትሞ የዚያን ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ዘመኑ 1949፣ ቦታው ሳን አንጄሎ፣ ቴክሳስ። ጆን ግሬዲ ኮል የ16 ዓመት ልጅ ነው። አያቱ ሞተዋል፤ እናቱ ተዋናይት ናት፣ የከብት እርባታውን ልትሸጠው ነው። ርስቱ በ2,300 ኤከር ነበር የተጀመረው፤ በ1883 የመጀመሪያው የሽቦ አጥር ተዘረጋበት፣ በ1886 ጎሾቹ አለቁ። ልጁ እኔ ላስተዳድረው ቢል ዕድሜው አይፈቅድለትም። በአባባሉ ዓይን ካየነው ከአገሪቱ ጋር አብሮ ሊያድግ ነበር፤ አገሪቱ ግን አድጋ ጨርሳ፣ ቤቷን ለሽያጭ አውጥታለች።

ታዲያ ወደ ምዕራብ አይሄድም፤ ጓደኛውን ሌሲ ሮሊንስን ይዞ በፈረስ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሜክሲኮ ነው የሚወጣው። መጽሐፉን የሚከፍት ቁልፍ ትዕይንት አለ፣ አጭር ስለሆነ ብዙ አንባቢ ያልፈዋል። ሮሊንስ ከነዳጅ ኩባንያ የተገኘ የመንገድ ካርታ ይዘረጋል። ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ በላይ መንገድ፣ ከተማ፣ ወንዝ ሁሉ አለ፤ ከወንዙ በታች ወረቀቱ ነጭ ነው። አገሩ ካርታ ተነስቶ አያውቅም እንዴ፣ ብሎ ይጠይቃል። ጆን ግሬዲ ካርታስ አለ፣ ይህ ግን እሱ አይደለም ይለዋል። በ1890 ጠፋ የተባለው ጠረፍ በነዳጅ ማደያ ካርታ ላይ ብቅ አለ ማለት ነው፤ እዚያም ያለው መሬቱ ባዶ ሆኖ ሳይሆን ካርታውን ያተመው ኩባንያ እዚያ ነዳጅ ስለማይሸጥ ነው።

ኮዋዊላ ግዛት ውስጥ 11,000 ሄክታር ስፋት ባለው ርስት ተቀጥረው ይሠራሉ፤ በጋሻ ሲቆጠር 275 ይሆናል። የጀግናው ፈተና የሚመጣው እዚህ ነው፣ የሚመጣውም በሽጉጥ አይደለም። 16 ያልተገሩ ፈረሶችን በአራት ቀን እንገራለን ብለው ይገባሉ። አሠራሩ ተራ በተራ ተጽፏል። ፈረሱ ሲሮጥ የፊት እግሮቹ በገመድ ይጠለፉና ይወድቃል። ከመነሳቱ በፊት ልጁ አንገቱ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ወደ ደረቱ ያቅፋል፣ ዓይኑን በመዳፉ ይጋርዳል፣ ዝግ ባለ ድምፅ ያናግረዋል። አንድ የኋላ እግር በሸምቀቆ ወደ ላይ ተስቦ ከፊቶቹ ጋር ይታሰራል፤ ፈረሱ ሲነሳ በሦስት እግር ይቆማል፣ ሊራገጥ ቢሞክር ራሱን ይጥላል። አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት የለም፣ አፍንጫው ላይ የሚያርፍ የገመድ ልጓም ብቻ ነው። ከዚያ ጆንያ ይመጣል፦ ጀርባው፣ ሆዱ፣ ጭኑ፣ ፊቱ በጆንያ ይታበሳል፣ እስኪሰለቸው ድረስ። ኮርቻ የሚጫነው ከዚህ በኋላ ነው። ጆንያውን ዘሎ ወደ ኮርቻ የሚሄድ ገሪ ፈረሱን ሳይሆን ራሱን ነው የሚቀጣው፤ ሆዱ ላይ የሚጠብቀው ጠፍር ለማያውቀው ፈረስ እንደ አውሬ ጥፍር ነውና ይደነብራል።

ማካርቲ ለዚህ ሥራ የሰጠውን ቦታ አይቶ ተረኩን አያምንበትም ማለት አይቻልም። ሙያው እውነት ነው፤ ልጁም ሙያውን ያውቃል። ተረቱ የሚሰበረው ከሙያው ውጪ ባለው ነገር ሁሉ ነው። ድንበሩን ሳይሻገሩ ገና የተለጠፈባቸው ጂሚ ብሌቪንስ የሚባል የ13 ዓመት ልጅ ገደማ አለ፤ ፈረሱንና ሽጉጡን አስመልሳለሁ ብሎ ሰው ይገድላል። በካውቦይ ፊልም ቢሆን መብቱ ነበር፤ እዚህ ግን ፖሊሶች ወደ ጫካ ወስደው ይረሽኑታል፣ ጆን ግሬዲም ሲወስዱት ቆሞ ያያል። የባለርስቱን ልጅ አሌሃንድራን ይወዳል፤ እሱም ተይዞ ሲታሰር ታላቅ አክስቷ ከሳልቲዮ እስር ቤት በገንዘቧ ታስፈታዋለች፣ ዋጋው ግን ልጅቷ ዳግመኛ ላታየው መማሏ ነው። በልጅነታችን «አክተሩ አይሞትም» እንል ነበር። ይህም አክተር አይሞትም፤ ግን እስር ቤት ውስጥ በቢላዋ የገደለው ሰው ከእሱ ጋር አብሮ ይወጣል።

ስለዚህ ቁንጮው የተኩስ ልውውጥ አይደለም። ወደ ቴክሳስ ተመልሶ ኦዞና ከተማ ላይ፣ ይዞት የመጣው የብሌቪንስ ፈረስ ባለቤትነት በፍርድ ቤት ሲታይ፣ ዳኛው ያምኑትና ፈረሱን ይፈርዱለታል። ማታ ግን ልጁ የዳኛውን ቤት ያንኳኳል። ያሸነፈ ጀግና ለምን ዳኛ ቤት ይሄዳል? ብሌቪንስ ሲወሰድ ምንም አለማለቱንና መግደሉን ለመናገር ነው። ዳኛውም ጻድቅ ነህ ብለው አያሰናብቱትም፤ እሳቸውም ሞት የፈረዱበትን አንድ ወጣት እስከ ዛሬ እንደሚያስቡት ይነግሩታል። ልጁ ለአቅመ አዳም የደረሰው የት ላይ ነው ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ከፈረሶቹ ጉረኖ ይልቅ ይህ ሳሎን ይመስለኛል።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ መጽሐፍ ከግሪሊ የተሻለ መሪ አባባል በእጁ አለው፦ «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።» ሜክሲኮ ውስጥ የደረሰበት ይኸው ነው፤ ፈረስ ገሪው ራሱ ተለጎመ። ልዩነቱ የእኛው አባባል «እስኪመለስ» የሚል መውጫ ማስቀመጡ ነው። ጆን ግሬዲ ተመለሰ፤ ርስቱ ተሸጧል፣ አባቱ ሞቷል፣ ያሳደጉት ሞግዚት ይቀበራሉ።

አባባሉን ሲተረጉሙ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዞች አፍ፣ በተለይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ወዲህ፣ «ወደ ምዕራብ ሄደ» ማለት ሞተ ወይም ጠፋ ማለት ነው። «ወጣቱ» የሚለው ከሌለበት የግሪሊን ምክር አይፈልጉበት። የግዕዙ «ምዕራብ» ራሱ «ዐርበ»፣ ጠለቀ፣ ከሚለው ግስ የመጣ ፀሐይ መግቢያ ነው።

ማካርቲ በመጨረሻው ገጽ ልጁን የሚሰደው ወደዚያ ነው። በኢራን ከተማ (የቴክሳሷ) አጠገብ የፔኮስን ወንዝ ተሻግሮ፣ የዬትስ ነዳጅ ማውጫ ፓምፖች እንደ ብረት ወፍ ጎንበስ ቀና ሲሉ በመካከላቸው ያልፋል። ሜዳ ላይ የሰፈሩ ጥቂት ቀይ ሕንዶች፣ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች፣ ቆመው ያዩታል፤ አይጠሩትም፣ አያስቆሙትም። ፀሐይ ፊቱን አቅልታዋለች። በራሱ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ባለቤቱን ፈልጎ ያላገኘለትን የብሌቪንስን ፈረስ ከኋላው ይስባል።