የቅርጫት ኳስ ዳኛና አሰልጣኝ በወሎ ሜዳዎች እንዴት ይግባባሉ?

በቅርጫት ኳስ የዳኛ ውሳኔ መጀመሪያ የሚነገረው በእጅ ነው። አፍ ኋላ ይመጣል። በደሴም በኮምቦልቻም በወልዲያም የሚሠራበት ምልክት ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ያወጣው ነው። ፊባ በ1932 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ተመሠረተ። ስለዚህ ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር የተሰጠ ፋውል ከሌላ አገር ለመጣ አሰልጣኝም ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል።

ፊሽካው እንደተነፋ እጁን ማየት ነው። ጡጫ ከተነሳ ፋውል ነው። ጣቶቹን የገጠመ መዳፍ ከተነሳ ሌላ ጥሰት ነው፤ ትራቭሊንግ ለምሳሌ፣ ማለትም ኳስ ይዞ ሳያነጥሩ መራመድ። ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ? ይህን የለየ አሰልጣኝ ለመጮህ አይቸኩልም።

ፋውል ከሆነ ዳኛው የጠረጴዛ ዳኞች፣ ማለትም ውጤት፣ ሰዓትና ፋውል የሚይዙት፣ በደንብ ወደሚያዩት ቦታ ሄዶ ይቆማል። ከዚያ በቅደም ተከተል የአጥፊውን ቁጥር፣ የጥፋቱን ዓይነትና ቀጥሎ የሚሆነውን ያሳያል። ቀጥሎ የሚሆነው የፍሪ ትሮው (የነፃ ውርወራ) ብዛት ወይም የኳሱ አቅጣጫ ነው። እጅ ወገብ ላይ ካረፈ ብሎክ ነው፤ የተጋጣሚን መንገድ በሰውነት ያለአግባብ መዝጋት ማለት ነው። የእጅ አንጓ ከተመታ እጅ መታ ማለት ነው። ኳስ የያዘው ተጫዋች ራሱ ተከላካዩን ገፍቶ ከሆነ ጡጫ መዳፍ ላይ ያርፋል።

ጀማሪ ዳኞች በብዛት የሚቸኩሉት ቁጥሩ ላይ ነው። እስከ 10 ያለው በጣት ይቆጠራል። ከ11 እስከ 15 ላለው ቀኝ እጅ ይጨበጣል፣ ግራው ከ1 እስከ 5 ያሳያል። ከ16 ጀምሮ ለየት ይላል። 24 ቁጥርን ለማሳየት ዳኛው መጀመሪያ የእጁን ጀርባ አዙሮ 2 ያሳያል፣ ቀጥሎ በመዳፉ በኩል 4። በሁለቱ መካከል ትንሽ ካልቆየ 24 እና 42 ይምታታሉ። ተጫዋች በ5 ፋውል በሚወጣበት ጨዋታ ፋውል በሌላ ልጅ ስም መመዝገቡ ቀላል ነገር አይደለም።

የጠረጴዛ ዳኞችም መልእክት ያስተላልፋሉ። ተጫዋቹ ስንተኛ ፋውሉ እንደሆነ ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ያነሳሉ፤ 5ኛው በቀይ የተጻፈ ነው። ቡድኑ በአንድ ኳርተር (የጨዋታው ሩብ ክፍል) 4 ፋውል ከሞላ ደግሞ በእሱ በኩል ቀይ ምልክት ጠረጴዛው ላይ ይቆማል። ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ በሌለው የትምህርት ቤት ሜዳ ለአሰልጣኙ ከዚህ የሚበልጥ መረጃ የለም። ታይም አውት፣ ማለትም ቡድኑ የሚመካከርበት አጭር እረፍት፣ የሚጠየቀውም እዚያው ጠረጴዛ ሄዶ ነው፣ ሜዳ ውስጥ ላለው ዳኛ በመጮህ አይደለም።

መናገርስ? ኳስ ስትቆምና ሰዓት ሲቆም ካፒቴኑ በጨዋ ደንብ ዳኛውን መጠየቅ ይችላል። አሰልጣኙም ከጠረጴዛ ዳኞች ውጤት፣ ሰዓትና ፋውል መጠየቅ ይፈቀድለታል። በተግባር ግን አሰልጣኝና ዳኛ በአጠገብ ሲተላለፉ ቃል ይለዋወጣሉ። የትምህርት ቤት ቡድን አሰልጣኝ ብዙውን ጊዜ የስፖርት መምህሩ ነው፤ ልጆቹ «ቲቸር» ነው የሚሉት። ዳኛው የቀድሞ ተማሪው ሊሆን ይችላል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ታላቅን አንቱ ማለት ፊሽካ ስለያዙ አይቀርም።

«ዳኛ፣ ምኑ ነው ፋውሉ?»

«ሲዘል ክርኑን መታው፣ ቲቸር። ከዚህ ሆነው አይታይዎትም።»

ይበቃል። ዳኛው ያየውን ተናገረ፣ አሰልጣኙም ልጁን የሚያርምበትን ነገር አገኘ። «ዝም በሉ» ቢለው ኖሮ ክርክሩ እስከ መጨረሻው ይከተለው ነበር። እኔ ጥሩ ዳኛ የምለው ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር የማይሰስተውን ነው። ማብራሪያው ከረዘመ ግን ወደ ድርድር ይሄዳል።

አሰልጣኙ ከመጠየቅ አልፎ ከተሳደበ ማስጠንቀቂያ አለ። ካልሰማ ዳኛው ሁለት እጁን በቲ ቅርጽ ያገጥምና ቴክኒካል ፋውል፣ ማለትም የባህሪ ጥፋት፣ ይሰጠዋል፤ ለተጋጣሚው 1 ፍሪ ትሮው ነው። በገዛ ባህሪው ሁለተኛ ከተመዘገበበት ይባረራል። የተባረረ ሰው ወይ መልበሻ ክፍል ይቆያል ወይ ግቢውን ለቆ ይሄዳል። መልበሻ ክፍል በሌለው ሜዳ የሚቀረው ሁለተኛው ነው።